ፍራሽ ስር የተገኘው ደብተር፤ የአንድ የደሴ ቤተሰብ ጉዳይ

ይህ ጉዳይ የሆነው ደሴ ውስጥ፣ በ2017 የትምህርት ዘመን ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ ልጅቷ የምትማርበት ትምህርት ቤት ግን አላስተምርም። ቤተሰቡን የማውቀው በጉርብትና ነው። እናትና አባት «ሌላ ወላጅ ይማርበት» ብለው እንድጽፈው ፈቅደዋል። ስም አልጠራም። ሰፈሩንም ትምህርት ቤቱንም አልገልጽም።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። አምስተኛ ክፍል የምትማር የ11 ዓመት ልጅ አንደኛነቷን ለማስመለስ የክፍል ጓደኛዋን የሒሳብ ደብተር ደበቀች። ጓደኛዋ ማርክ አጣች፤ ቤቷም ተቀጣች። ደብተሩ ከሳምንታት በኋላ ተገኘ። ብዙ ቤት እዚህ ላይ ልጅ ተገርፎ ነገሩ ይዳፈናል። ይህ ቤተሰብ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። መንገዱ ቀላል አልነበረም፤ ሁሉም ነገር የተሳካም አይደለም።

ቤቱና ልጅቷ

አባት ሰኞ ገበያ አካባቢ ሱቅ አለው። እናት ነርስ ናት። የአባት እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ። አንድ ታናሽ ወንድም አለ። ደግ፣ ሰው የሚያከብር ቤት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰማ ሰው ቶሎ «ወላጆቹ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ስለሚል ነው። ከብዙዎቻችን የማይለዩ ሰዎች ናቸው።

ቤት ውስጥ ስለ ፀባይ ብዙ ይነገራል። አትዋሺ፤ ታላቅሽን አክብሪ፤ ያለሽን አካፍዪ። አያትየው ቡናው ሲፈላ ዱዓ ያደርጋሉ። ልጅቷን ሲመርቁም «ሰው የምትወጂ፣ ሰው የሚወድሽ ያድርግሽ» ነው የሚሏት። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ግብረ ገብ ራሱን ችሎ ይሰጣል። ልጅቷ በዚያ ትምህርት ያመጣችው ከክፍሉ ከፍተኛውን ነጥብ ነበር። ማለትም ታማኝነት ምን እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። ተጠይቃ አንድም ጥያቄ አልሳተችም።

ግን ምክሩ ሌላ፣ ደስታው ሌላ ነበር። ቤቱን እልል የሚያሰኘው ደረጃ ነው። ከኬጂ ጀምሮ ከአንደኛ ወርዳ አታውቅም። ሰርተፍኬቶቿ ላሚኔት ተደርገው ሱቁ ውስጥ፣ ከአባት ጀርባ ተሰቅለዋል። ዕቃ ሊገዛ የገባ ሰው ቀና ብሎ «ያንተ ልጅ ናት?» ካለ አለቀ፤ ሚዛኑ ይቆምና ወሬው ይጀመራል። ዘመድ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣሽ?» ነው። ሳውዲ የምትሠራው አክስቷ በኢሞ ስትደውልም ይህንኑ ትጠይቃለች። «ማሻአላህ! የዚህች ልጅ ጭንቅላት!» ትላለች።

አባትን መረዳት ያስፈልጋል። እሱ አሥረኛ ክፍል ሳለ አባቱ ሞተው ትምህርቱን አቋርጧል። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ደግሞ ልጁ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቆመ፤ እነሱም ከተማውን ለቀው ሸሹ። ተመልሰው ሲመጡ በሐሳቡ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ልጄ የቀረባት ይካካስላት። ፍርሃት ነው ይህ። ከብዙ ወላጅ የደረጃ ጥማት ጀርባ ያለው ትዕቢት ሳይሆን ፍርሃት እንደሆነ በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የመንፈቁ ካርድ

በዓመቱ መጀመሪያ ከኮምቦልቻ አንዲት ልጅ ወደ ክፍሉ ገባች። ኮምቦልቻ ቅርብ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። እናቷ በሥራ ተዛውራ ደሴ ቤት ተከራይተው ነበር። ዝምተኛ ልጅ ናት ይሏታል። የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ ሲሰጥ አንደኛ እሷ ሆነች። የጎረቤቴ ልጅ ሁለተኛ ወጣች።

ማንም አልተቆጣትም። አባት «አይዞሽ፣ በሁለተኛው ሴሚስተር ትመልሻታለሽ» አላት። እናት አስጠኚ ቀጠረች። አክስቷ «ታብሌቱን ገዝቼዋለሁ፤ አንደኛ ስትወጪ እልከዋለሁ» አለች። ሁሉም ለሷ አስበው ነው። ግን ልጅቷ ያየችው ሌላ ነገር ነው። ሱቅ ስትሄድ አባቷ ስለሷ ለሰው ማውራት ትቷል። አባት ይህን ሆን ብሎ አላደረገውም። የሚያወራው አዲስ ነገር ስለሌለው ዝም አለ፤ በቃ። ለልጅቷ ግን ዝምታው ከቁጣ ይበልጥ ተሰማት።

ሒሳብ መምህሩ ለደብተር ከ10 ይይዛሉ። ደብተር የሚሰበስበውና መምህራን ክፍል የሚያደርሰው የክፍሉ አለቃ ነው። አለቃዋ ደግሞ እሷ ናት፤ አለቃ ያደረጋትም ውጤቷ ነው። ግንቦት ላይ ደብተሮቹን ሰብስባ ስትወስድ ከኮምቦልቻ የመጣችውን ልጅ ደብተር አወጣችው። መምህሩ ደብተር ላላስገባ ዜሮ ሰጡ።

ደብተሩ

ሰኔ መጀመሪያ ላይ እናት አልጋ ልብስ ልታጥብ ፍራሹን አነሳች። በካኪ ወረቀት የተለበደ፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ያለው ደብተር አገኘች። ስሙ የልጇ አይደለም። ገለጥ ስታደርገው ከኋላ ገጾቹ ላይ በእርሳስ የተሳሉ ፈረሶች አሉ። የልጇ ክፍል ውስጥ ደብተሯ ጠፍቶ የተቀጣች ልጅ እንዳለች በወላጆች ወሬ ሰምታ ነበር። ወዲያው ገባት።

«ያኔውኑ ብጠራት እመታት ነበር» አለችኝ። ደብተሩን መልሳ አስቀምጣ ልብሱን አጥባ ጨረሰች። ከዚያ ልጅቷን ጠርታ «ይሄ ደብተር የማን ነው?» ብቻ አለቻት።

«በስህተት ከኔ ጋር ገብቶ ነው።»

«እሺ። ፍራሽ ስር ማን አስገባው?»

ልጅቷ ዝም አለች። ቆይታ ማልቀስ ጀመረች። እናት ስለ ታብሌቱ ትነግረኛለች ብላ ነበር የጠበቀችው። ልጅቷ ያለችው ግን «አንደኛ ካልወጣሁ አባ ስለኔ ለሰው አይናገርም» ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በ33 ትምህርት ቤቶች 10,000 ያህል ተማሪዎችን ጠይቀው ያገኙት ነገር ከዚህ የሚለይ አይደለም። «ወላጆቼ ይበልጥ የሚኮሩብኝ ለሰው ሳስብ ሳይሆን ጥሩ ውጤት ሳመጣ ነው» በሚለው ሐሳብ የተስማሙት ካልተስማሙት ሦስት እጥፍ ነበሩ። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ ስለ ደግነት ሳይነገራቸው ቀርቶ አይመስለኝም። ልጅ ወላጁ የሚናገረውን ይሰማል፤ የሚያምነው ግን ወላጁ ፊቱ የሚበራበትን ነው። አንድ ነገር ከዚህ ጉዳይ ያዝልኝ የሚለኝ ሰው ቢኖር ይህን እሰጠዋለሁ።

ያ ማታ

ማታ ሦስቱ ትልልቆች ተቀመጡ። ይህን ክፍል ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ስለሆነ ነው።

አባት መጀመሪያ ያሰበው ደብተሩን ለጥበቃው ሰጥቶ «ወድቆ ተገኘ» ማስባል ነው። ምክንያት አለው። ከተማዋ ትንሽ ናት። በ11 ዓመቷ «ሌባ» ከተባለች ያ ስም እስከ 12ኛ ክፍል ይከተላታል። ይህ ስጋት የሚናቅ አይደለም፤ እኔም እጋራዋለሁ። በሕዝብ ፊት የተዋረደ ልጅ የሚማረው ጥፋቱን ሳይሆን ሰውን መሸሽ ነው።

እናት አልተስማማችም። «በውሸት ያመጣችውን በውሸት ልንመልስላት ነው?» አለች።

አባት «ታዲያ አንደኛነቷን በገዛ እጄ ላስነጥቃት?» አለ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ራሱ ነው የነገረኝ። አፉ ላይ ከወጣች በኋላ ደነገጠ። ለምን ደበቀች ብለው ሲጨነቁ የነበረው መልሱ ከራሱ አፍ ወጣ።

አያትየው እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም ነበር። «ልጄ፣ ይሄ የሰው ሐቅ ነው» አሉ። «ሐቅ በር ላይ ተጥሎ አይመለስም። ለባለቤቱ በእጅ ይሰጣል።» ከዚያ ልጅቷን አስጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት። «አብሽሪ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አሏት።

የደረሱበት ውሳኔ ሁለቱንም ወገን ያስታረቀ ነው። ነገሩ ሐቁ ለተነካባቸው ሰዎች ይነገራል። ለተበደለችው ልጅ፣ ለእናቷ፣ ለሒሳብ መምህሩና ለስም ጠሪዋ። ለክፍሉ ተማሪ ግን አይነገርም፤ ሰልፍ ላይም አይወጣም። ልጅቷ ራሷ ትናገራለች፤ ወላጆቿ አይናገሩላትም። ይህ አከፋፈል ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ይቅርታ የሚጠየቀው የተበደለ ሰው ነው። ታዳሚ አያስፈልገውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄዱ። የተበደለችው ልጅ እናት ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇ አረፋ እንደሆነ ቆማ ሰማች። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ፣ ቃሉን እየዋጠች ተናገረች። ደብተሩን በሁለት እጇ ሰጠች። ሴትየዋ ወደ እንግዶቹ አላየችም። ልጇን ጠራችና «አልጠፋብሽም ለካ። እኔ ነኝ ያላመንኩሽ» አለቻት። ደብተሯን ጣለች ብላ ቀጥታት፣ ለሁለት ሳምንት ከቤት እንዳትወጣ አድርጋት ነበር። ከእንግዶቹ ይቅርታ በፊት የራሷን አስቀደመች።

ተበዳይዋ ልጅ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከኋላ ገለጥ አደረገችና «ፈረሶቼን አልቀደድሻቸውም?» አለች። አልተቀደዱም ነበር።

ትምህርት ቤቱ

ሒሳብ መምህሩ ደብተሩን አይተው ለማረም ፈቃደኛ ነበሩ። ችግሩ ርዕሰ መምህሩ ጋ መጣ። ሮስተሩ ተሞልቷል፤ ስርዝ ድልዝ አይቻልም ተባለ። በዚያ ላይ ቅሬታ ያመጣ ወላጅ የለም። «ልጄ ተጎዳች ብሎ የመጣ ሰው የለ። እርስዎ የልጅዎን ደረጃ ዝቅ አድርጉልኝ ነው የሚሉት?» አሉት።

«አዎ» አለ አባት። ሱቁን ዘግቶ በነጋታውም ሄደ። በመጨረሻ ሮስተሩ ተስተካከለ።

አሥር ማርክ ትንሽ ናት የሚል ይኖራል። እኔ ግን መምህር ስለሆንኩ የት እንደምትደርስ አውቃለሁ። በ2008 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛው ፈተና ወጥቶ ተሠረዘና አገር በሙሉ ድጋሚ ተፈተነ። በኋላም ኩረጃን ለመግታት ተብሎ የ2014 ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ለወሎ ልጆች ጦርነቱ አንዱ ነው። ግን ከዚያ በፊት ይታዩ የነበሩ ውጤቶች ስንቶቹ የራስ እንደነበሩ ያን ጊዜ ሁላችንም ጠይቀናል። ኩረጃ ፈተና አዳራሽ ውስጥ አይጀምርም። «ማን በለጠሽ?» በሚባልበት ቤት ውስጥ ይጀምራል።

ሰኔ መጨረሻ ካርድ ተሰጠ። ከኮምቦልቻ የመጣችው ልጅ አንደኛ። የጎረቤቴ ልጅ ሦስተኛ። የተማሪ ካርድ ላይ ከታች በኩል «ፀባይ» የምትል መስመር አለች። ብዙ ጊዜ ለሁሉም ተማሪ ኤ ይሞላባታል፤ ወላጅም አያያትም። ስም ጠሪዋ የዚህችን ልጅ ቢ ብላ ሞላችው። አባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደረጃው በፊት ያቺን መስመር አነበበ። ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ «ይቺ ቢ ለምን እንደመጣች ታውቂያለሽ። ደብተሩን ራስሽ ይዘሽ እንደሄድሽ ደግሞ እኔ አውቃለሁ» አላት።

ክረምቱ፤ የሠራውና ያልሠራው

አባት የተረዳውን ነገር በፍጥነት ወደ ተግባር ሊለውጥ ፈለገ። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ለእያንዳንዱ መልካም ሥራ 10 ብር። መጀመሪያ ላይ ቤቱ በመልካም ሥራ ተጥለቀለቀ። ልጅቷ ለአያቷ ውሃ አቀብላ «ይጻፍልኝ» ትል ጀመር። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ ደረጃ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ከላይ ቆማ «ባነሳው ስንት ነው?» አለች። አያትየው ወረቀቱን ራሳቸው ቀደዱት።

ይህ እንዳይገርመን። እ.ኤ.አ. በ2008 ፊሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች ጀርመን ውስጥ የ20 ወር ሕፃናትን ፈትነው ነበር። ሕፃናቱ የወደቀ ዕቃ አንስተው ለሰው ሲያቀብሉ ገሚሶቹ በአሻንጉሊት ይሸለማሉ። በኋላ ሽልማቱ ሲቀር የለመዱት ልጆች ካልተሸለሙት ያነሰ ረዱ። ልጅ ሰው የመርዳት ፍላጎት ይዞ ይመጣል። ስንከፍለው ግን ሥራ ይሆንበታል። አባት ውድድሩን አላጠፋውም ነበር፤ ከሒሳብ ወደ ደግነት አዛወረው እንጂ።

የሠራው ነገር ከዚህ ያነሰ ድምፅ ያለው ነው። ማታ እራት ላይ «ስንት አመጣሽ?» ቀረ። በምትኩ «ዛሬ ምን ከበደሽ?» እና «ማንን አገዝሽ፣ ማን አገዘሽ?» ተተካ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ልጅቷ «ምንም» ብቻ ነበር የምትለው። ትልልቆቹም ራሳቸው እንዲመልሱ ሲጀመር ተለወጠ። እናት በሥራ ቦታዋ ለአንድ በሽተኛ ቤተሰብ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደነበርና ተመልሳ ይቅርታ እንደጠየቀች ነገረች። አባት መልስ አሳስቶ ትርፍ የሰጠውን ደንበኛ ጉዳይ አወራ፤ ሰውየው ገንዘቡን ይዞ ተመልሶ ነበር። ልጅቷ ስለዚያ ሰውዬ ብዙ ጥያቄ ጠየቀች። ማን እንደሆነ፣ ባይመልስ ማን ያውቅ እንደነበር።

ሙገሳውም ተለወጠ። «የዚህች ልጅ ጭንቅላት!» የሚለው እንዲቀር እናት ለአክስቷም ነገረቻት። ምክንያቷን ከእኔ ነው የሰማችው። እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እንደዚህች ልጅ አምስተኛ ክፍል የሆኑ ተማሪዎችን ጥያቄ አሠሩ። ገሚሶቹን «ብልህ ናችሁ»፣ ገሚሶቹን «በርትታችሁ ሠርታችኋል» ብለው አመሰገኑ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ሰጧቸውና ውጤታቸውን ለማያውቁት ልጅ በጽሑፍ እንዲነግሩ አደረጉ። ብልህ ከተባሉት ከ10 ልጆች 4 ያህሉ ውጤታቸውን አሳስተው ነገሩ። በርትታችኋል ከተባሉት አንድ ያህሉ ብቻ። ብልህ የተባለ ልጅ ስሙን መጠበቅ አለበት፤ ለዚያም ይዋሻል።

እናት አንድ ጊዜ ስጋቷን ነገረችኝ። «ማሸነፍ አትፈልግ እያልናት እንዳይሆን። ሰነፍ ብትሆንስ?» አለች። አይደለም። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ ለማንም አልለቀቀችም፤ ሩጣ አሸነፈች። ከዚያ መስመሩ ላይ ቆማ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠበቀች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ከኋላ የምትመጣውን መጠበቅ የምትችል ልጅ ፈጣን ሆና ብትቀር ማንን ይጎዳል? ይህን ቪዲዮ አባትና ልጅ ሱቅ ውስጥ አብረው አይተውታል።

አክስት መጀመሪያ ተቀይማ ነበር፤ «እኔ ላበረታታት እንጂ» ብላ። ነሐሴ ላይ ታብሌቱ ያለ ቅድመ ሁኔታ መጣ፤ ከወንድሟ ጋር በጋራ እንዲጠቀሙበት ተብሎ። ዘመድ ግን አሁንም «ስንተኛ ወጣሽ?» ይላል። ልጅቷ ሦስተኛ ትላለች። ፊቷ አንዳንዴ ይከፋዋል። አባትም ያመልጠዋል፤ «ዘንድሮስ?» ብሎ ሲጀምር እናት በዓይኗ ታቆመዋለች። ሁለቱ ልጆች የልብ ጓደኞች አልሆኑም። ሰላም ይባባላሉ፤ ደብተር ይዋዋሳሉ።

አባት መስከረም ላይ ወደ ትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ ሄዶ በወላጆች በዓል ላይ ለፀባይም ሽልማት ይሰጥ ብሎ ጠየቀ። እኔን ሲያማክረኝ የተቃወምኩት ይህን ነው። በፀባይ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ከተባለ ፍሪጁ ላይ የነበረው ወረቀት መድረክ ላይ ወጣ ማለት ነው። ይልቅ ስም ጠሪዎቹ ኤ ከመሙላት ስለ እያንዳንዱ ልጅ ያዩትን ሁለት ዓረፍተ ነገር ካርዱ ጀርባ ላይ ይጻፉ አልኩት። በክፍሉ 60 ልጅ ላለው መምህር ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ ይገባኛል። ኮሚቴው ሐሳቡን ወስዶ በአምስተኛና በስድስተኛ ክፍል በመንፈቅ ዓመቱ ካርድ ላይ ለመሞከር ተስማምቷል። የልጅቷ ስም ጠሪ ከአሁኑ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይዛ መጻፍ ጀምራለች።